ዶሮ ወይስ ድርጭት? መጀመሪያ ተተኪዋን አስቢ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የጓሮ እርባታ

በዚህ ሰሞን ስለ ድርጭት የሚጠይቅ ሰው በዝቷል፣ ብዙዎቹ ጥያቄዎች ተቀራራቢ ስለሆኑ አራቱን መርጬ አንድ ላይ መልሻቸዋለሁ። እኔም እዚሁ ባህር ዳር ሁለቱንም አርብቻቸዋለሁ፣ ስለዚህ የምነግራችሁ ያየሁትን ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሽምብጥ አካባቢ ነው፣ ተከራይ ነኝ፣ ከሰርቪሷ ጀርባ ሁለት ሜትር በሁለት የምትሆን ባዶ ቦታ አለች፣ አከራያችን እማማ ተጠቀሚባት ብለውኛል ግን የአውራ ዶሮ ጩኸት እንቅልፍ ይነሳኛል ብለዋል። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ አምስትና ሶስት አመታቸው ነው፣ እንቁላል በየቀኑ እየገዛሁ አልቻልኩትም ስለዚህ ራሴ ላርባ ብዬ ሳስብ ቲክቶክ ላይ ሁሉም ድርጭት ድርጭት ይላል፣ ቦታ አትፈልግም ይላሉ፣ በሁለት ወሯ ትጥላለች ይላሉ፣ መኖዋ ደሞ ከምንም አይቆጠርም ይላሉ። ባለቤቴ የምናውቀውን ዶሮ እናርባ ባይ ነው። ለልጆቼ በቅቶ ትንሽ ከተረፈ ለጎረቤት ብሸጥ ደስ ይለኛል። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ ላለሽበት ሁኔታ ዶሮ ይሻልሻል፣ ስድስት እንቁላል ጣይ ዶሮ፣ ያለ አውራ። ምክንያቱን ግን በደንብ ልንገርሽ ምክንያቱም ቲክቶክ ላይ የሰማሽው ሁሉ ውሸት አይደለም፣ ግማሹ እውነት ነው፣ ችግሩ የተዉት ግማሽ ላይ ነው።

እውነቱን ላስቀድም። ድርጭት በርግጥ ፈጣን ናት። እንቁላሉ በ17 ወይ በ18 ቀን ይፈለፈላል፣ የዶሮ 21 ቀን ነው፣ ጫጩቷ ደሞ ከተፈለፈለች በስድስትና በስምንት ሳምንት መሀል እንቁላል ትጀምራለች። ቦቫንስ ወይ ሎማን ብራውን የምትባለው የፈረንጅ እንቁላል ጣይ ዶሮ አምስት ወር አካባቢ ትወስዳለች፣ የ45 ቀን ቄብ ገዝተሽ ብትጀምሪ እንኳን ሶስት ወር ከምናምን ያለ አንድ እንቁላል ትቀልቢያለሽ ማለት ነው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ብዙ ሰው ዶሮውን የሚሸጠው እዚህ ጋ ሲደክመው ነው። ቦታም ቢሆን እውነት ነው፣ ሰላሳ ድርጭት አንድ ሜትር በ60 ሳንቲ በሆነ ኬጅ ውስጥ ትይዣለሽ፣ ስድስቱ ዶሮ ግን ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ብትሰጫቸው ነው ደስ ብሏቸው የሚጥሉት። አንቺ ደሞ ሁለት በሁለት አለሽ፣ ስለዚህ ቦታ አንቺን የሚያስጨንቅሽ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ መኖው እንምጣ፣ ከምንም አይቆጠርም የሚባለው እዚህ ላይ ነው የሚያሳስተው። አንዲት ድርጭት በቀን 25 ግራም አካባቢ ትበላለች፣ ዶሮ 120 ግራም ገደማ። ይሄን ያየ ሰው ድርጭት ርካሽ ናት ይላል። እንቁላሏ ግን 10 ወይ 11 ግራም ነው፣ የዶሮ እንቁላል ከ55 እስከ 60 ይመዝናል፣ አምስት የድርጭት እንቁላል ሰብረሽ መጥበሻ ላይ ስታፈሺው አንድ የዶሮ እንቁላል ነው የሚሆነው። እስቲ አብረን እናስላው፣ ሰላሳ ድርጭት በቀን 750 ግራም ይበላሉ፣ ጥሩ ከጣሉ ሀያ አራት ትንንሽ እንቁላል ይሰጡሻል፣ እሱም በክብደት ከአራት ተኩል የዶሮ እንቁላል አይበልጥም። ስድስት ዶሮ በቀን 720 ግራም ይበላሉ፣ አራትም አምስትም እንቁላል ይሰጡሻል። አየሽ፣ እኩል ነው! በዛ ላይ የድርጭት መኖ ፕሮቲን በደንብ ይፈልጋል፣ ለጫጩቶቹ 24 ከመቶ አካባቢ፣ ለሚጥሉት 20 ከመቶ፣ ዶሮ ግን በ16 በ17 ከመቶ ትጥላለች። ገበያ ላይ የምናገኘው የሌየር (የእንቁላል ጣይ) መኖ የተዘጋጀው ለዶሮ ነው፣ ድርጭት እሱን ብቻ ስትበላ እንቁላሏ ይቀንሳል፣ ስለዚህ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን) እና የተቆላ አኩሪ አተር እየጨመርሽ ታስተካክያለሽ፣ ያ ደሞ ብር ነው።

ግን እኔን ዶሮ ይሻልሻል ያስባለኝ መኖውም አይደለም፣ ተተኪው ነው። የቤት ድርጭት አታቅፍም። ሰው ለብዙ ዘመን በማሽን እየፈለፈለ ስላራባት ማቀፉ ጠፍቶባታል፣ እንቁላሏን የትም ጥላው ትሄዳለች። ደህና የምትጥለው ደሞ አንድ አመት ገደማ ነው፣ ከዛ በኋላ ይቀንሳል። ስለዚህ ሰላሳ ድርጭት የገዛሽ ቀን፣ የዛሬ አመት ሌላ ሰላሳ ከየት እንደምታመጪ ማወቅ አለብሽ። ወይ የራስሽ መፈልፈያ ማሽን ይኑርሽ፣ ማሽን ካለሽ ደሞ መብራት ይኑርሽ፣ መብራት በጠፋ ጊዜ የሚሰራ ነገርም ይኑርሽ፣ ወይ ደሞ ሁሌ የሚፈለፍል ሰው ይኑርሽ። ቦቫንስም አታቅፍም፣ ይሄን መደበቅ አልፈልግም፣ ግን የ45 ቀን ቄብ ባህር ዳር ውስጥ ስትፈልጊ የሚያመጣልሽ ሰው አታጪም፣ ወደ ጢስ አባይ በሚወስደው መንገድ አንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል አለ፣ እዛም ቢሆን ጠይቂ፣ ከገጠር የመጣች አቃፊ የሀበሻ ዶሮም ቅዳሜ ገበያ አለች። የዶሮ ተተኪ ከተማው ውስጥ አለ። የድርጭት ተተኪ ግን አንድ ሁለት ሰው እጅ ላይ ነው ያለው፣ እነሱ የተዉት ቀን አንቺም ተውሽ።

እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ። የመጀመሪያዎቹን አርባ ድርጭት የገዛሁት አብዛኞቹ ሴት ናቸው ከተባልኩ በኋላ ነው፣ ሶስት ሳምንት ተኩል ሆኗቸው ነበር። ቤት አምጥቼ አንድ በአንድ እያነሳሁ ደረታቸውን ሳየው ሀያ አንዱ ወንድ ሆኖ አገኘሁት። ሴቷ ደረቷ ላይ እንደ ጥቁር በርበሬ ነጠብጣብ ነገር አላት፣ ወንዱ ደረቱ ልሙጥ ሆኖ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፣ ከሶስት ሳምንት በኋላ በግልጽ ይለያል፣ እኔ ግን ስገዛ አላየሁም፣ አላወቅኩማ። ወንዶቹ ሲያድጉ ተነካከሱ፣ የሶስቱን አይን አጠፉ፣ ሴቶቹን ጀርባቸውን መለጡ። አንድ ወንድ ለሶስት ወይ ለአራት ሴት ነው የሚበቃው፣ እሱም ዘር ከፈለግሽ ብቻ። መብል እንቁላል ለሆነ ወንድ አያስፈልግም፣ ዶሮም ድርጭትም ላይ ያው ነው። ስለዚህ እማማን አታስጨንቂያቸው፣ ስድስቱ ቄቦች ያለ አውራ ይጥላሉ፣ እንቁላል ሲጥሉ ትንሽ ይንጫጫሉ እንጂ ሌሊት አይጮሁም። በነገራችን ላይ ወንድ ድርጭትም ይጮሃል፣ ድምፁ ከአውራ ዶሮ ቢያንስም ሌሊትም ይጮሃል።

ወደ ስራው ስትገቢ ሶስት ነገር ላይ አደራ እልሻለሁ። አንደኛው ወለሉ ነው። የባህር ዳር ክረምት እርጥበቱን ታውቂዋለሽ፣ ቤቱ ከመሬት ከፍ ይበል፣ ከስር ሰጋቱራ ወይ ከወረታ የሚመጣውን የሩዝ ገለባ አንድ ስንዝር አድርጊ፣ የሩዝ ገለባ እኛ አካባቢ በርካሽ ስለሚገኝ እግዜር ይመስገን ነው፣ በእጅሽ ጨብጠሽ ስትለቂው ከተጣበቀ ረጥቧል ማለት ነው አውጪና ቀይሪ፣ እርጥብ ወለል አይንና አፍንጫቸውን ያሳምማቸዋል፣ ሽታው ደሞ ከእማማ ጋ ያጣላሻል። ሁለተኛው ክትባት ነው፣ ቄቦቹን ስትገዢ ምን ምን እንደተከተቡ በወረቀት ተቀበይ፣ የፈንግል (ዶሮ የሚጨርሰው በሽታ) ክትባት በየሶስት ወሩ ይደገም። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆን ለስድስት ብቻ መክፈት ብክነት ነው፣ ሰፈር ውስጥ ዶሮ ያላቸውን ሰብስበሽ አንድ ቀን አድርጉት። ውሃ ውስጥ የሚሰጠው ከሆነ የቧንቧ ውሃ አትጠቀሚ፣ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል፣ የጉድጓድ ወይ ያጠራቀምሽው የዝናብ ውሃ ይሁን፣ ሁለት ሰዓት ያህል ውሃ ከልክለሻቸው ከዛ ስጫቸው ቶሎ ይጨርሱታል። ሶስተኛው፣ የፋሲካ ሰሞን ከገበያ የገዛሻትን የዶሮ ወጥ ዶሮ እነሱ ጋ አታሳድሪ። አንድ ቀንም ቢሆን። የበአል ገበያ ዶሮ ከየወረዳው ነው የሚመጣው፣ ፈንግልም አብሮት ይመጣል።

ለጎረቤት መሸጡን በተመለከተ አብይ ፆም ሲገባ 55 ቀን ሙሉ ገዢ እንደሚጠፋ ከአሁኑ አስቢው። ልጆችሽ ሰባት ስላልሞላቸው ይበላሉ፣ የተረፈውን ሳታጥቢ ቀዝቃዛ ቦታ ብታስቀምጪው ሁለት ሶስት ሳምንት ይቆያል፣ ለሙስሊም ጎረቤቶችሽና ለኬክ ቤት ከወዲሁ ተናገሪ። ዶሮዋ ስታረጅ ደሞ ለበአል አስራ ሁለት ብልት ወጥታ ወጥ ትሆናለች ወይ ትሸጫታለሽ፣ ከድርጭት ይሄን አታገኚም፣ ሙሉዋ ድርጭት እኮ ከነላባዋ 150 ወይ 200 ግራም ናት።

ጥያቄ፦ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቅን ሶስት ጓደኛሞች ነን፣ ቀበሌ 14 አንድ ክፍል ቤት አለን። ብር አዋጥተን ድርጭት ልንገባ ነው። አንድ ሰው 200 ድርጭት እኔ ልሽጥላችሁ እንቁላሉን ደሞ መልሼ እረከባችኋለሁ ብሎናል። ገበያው ካለ ምን ያስፈራል ብለን ነው፣ አንተ ምን ትላለህ?

መልስ፦ ወንድሞቼ፣ እናንተ ላይ ድርጭት አይሆንም አልልም። ሶስት ሰው ናችሁ፣ ወጣት ናችሁ፣ ቢዝነስ አድርጋችሁ ነው የምትገቡት፣ ለናንተ ድርጭት ሊሆን ይችላል። የማልስማማው በ200ው ነው፣ ከዛ ደሞ በእረከባችኋለሁው።

ቁጥሩን እዩት። 200 ድርጭት በቀን 5 ኪሎ ይበላል፣ በወር 150 ኪሎ፣ እየጣሉም ባይጥሉም። በደንብ ከጣሉ በቀን 160 እንቁላል አለ፣ በወር 4,800 እንቁላል። ባህር ዳር ውስጥ በወር 4,800 የድርጭት እንቁላል የሚበላው ማነው? ስም ጥሩልኝ። የሆቴሉን ስም፣ የሱፐርማርኬቱን ስም፣ የሚገዛችሁን የሼፍ ስልክ። ይሄን መመለስ ካልቻላችሁ የናንተ ገበያ ያ አንድ ሰውዬ ብቻ ነው፣ እሱ ደሞ ትርፉን ያገኘው ድርጭቱን የሸጠላችሁ ቀን ነው፣ እንቁላሉን አልረከብም ቢል ምንም አይጎድልበትም። ሰውየውን አላውቀውም፣ ቅን ሰው ሊሆን ይችላል፣ ግን ቅን ቢሆንም ለሌላ አስር ቡድን እንዲህ ብሎ ከሸጠ የሁሉንም እንቁላል የት ያደርሰዋል?

ኬንያ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ ምክንያቱም በደንብ ያስተምራል። በፈረንጆቹ 2013 እዛ የድርጭት ወሬ ተነሳ፣ እንቁላሉ የማያድነው በሽታ የለም ተባለ፣ አንዱ እንቁላል ከዶሮ እንቁላል በብዙ እጥፍ ተሸጠ፣ ሰው ከዱር እንስሳት መስሪያ ቤቱ ፈቃድ እያወጣ ገባበት፣ ስራውን የለቀቀም ብድር የወሰደም ነበር። ብዙ ብር የሚገኘው ግን እንቁላሉን ለሚበላ ሰው በመሸጥ አልነበረም፣ አዲስ ለሚገባው ሰው ጫጩትና ለመፈልፈል የሚሆን እንቁላል በመሸጥ ነበር። አዲስ ገቢ ያለቀ ጊዜ በ2014 ዋጋው ዝም ብሎ ወደቀ፣ ብዙ ሰው ድርጭቱን አርዶ በላው ወይ ዝም ብሎ ለቀቀው። በሽታ አልገባም፣ ድርቅ አልነበረም፣ የሚበላው ሰው ቁጥር ከመጀመሪያውም ትንሽ ስለነበረ ነው እንዲህ የሆነው። እኛም ጋ ጫጩት ሻጭ ከእንቁላል በላተኛ በልጦ ካያችሁ ይሄን አስታውሱ።

እኔ በናንተ ቦታ ብሆን አርባ ገዝቼ እጀምራለሁ፣ ሰላሳ ሴት አስር ወንድ፣ ደረታቸውን አይቼ። ግን ከመግዛቴ በፊት ከአንዱ አርቢ ሀምሳ እንቁላል ገዝቼ፣ ቀቅዬ ልጬ፣ ሀይቁ ዳር ያሉትን ሆቴሎች ኩሽና በኩሽና እዞራለሁ። ሼፉን በሳምንት ስንት ትወስዳለህ፣ በፆምስ፣ እንግዳ በማይኖርበት ወርስ ብዬ እጠይቃለሁ፣ የሚለኝን እፅፋለሁ። ሁለት ሆቴል አንድ ላይ በወር 600 እንወስዳለን ካሉኝ ሰላሳ ሴት በቂ ነው። ጥያቄው ሲበዛ መጨመር ለድርጭት ቀላል ነው፣ በሶስት ወር እጥፍ ማድረግ ይቻላል፣ ፍጥነቷ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ማሽን ስትገዙ ባትሪ አብሮ የሚሰራበትን ግዙ። ሙቀቱ 37 ተኩል ዲግሪ ነው፣ እንቁላሉ እስከ 14ኛው ቀን ይገላበጣል ከዛ ይተዋል። ከሳምንት በላይ የተቀመጠ እንቁላል ማሽን ውስጥ አታስገቡ ብዙው አይፈለፈልም። ሌላው ደሞ ዝምድና ነው፣ ድርጭት እርስ በርስ ስትዳቀል ቶሎ ትበላሻለች፣ በሁለት ሶስት ትውልድ ውስጥ እንቁላሉ አይፈለፈልም የተፈለፈለውም እግሩ የተጣመመ ይሆናል፣ ስለዚህ ወንዶቹን ከሌላ አርቢ ጋ ተለዋወጡ።

አንድ ነገር ልጨምር። የድርጭት ጫጩት ስትፈለፈል የአውራ ጣቴን ጫፍ ነው የምታህለው፣ 7 ወይ 8 ግራም ናት፣ ጢንዚዛ ነው የምትመስለው። መጀመሪያ ባስፈለፈልኩ ጊዜ ለዶሮ ጫጩት በምጠቀምበት ውሃ መጠጫ ሰጠኋቸው፣ ጠዋት ስነሳ አስራ አንዱ ውሃው ውስጥ ተደፍተው ነበር፣ ጥልቀቱ ከሁለት ጣት አይበልጥም። በጣም ነው ያዘንኩት። ከዛ በኋላ ከጣና ዳር ያመጣሁትን ጠጠር አጥቤ መጠጫው ውስጥ እሞላለሁ፣ በጠጠሩ መሀል ምንቃራቸውን አስገብተው ይጠጣሉ፣ አንድም አልሞተብኝም። የመጀመሪያው ሳምንት ሙቀት ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ይፈልጋሉ፣ በየሳምንቱ ሶስት ዲግሪ ገደማ ትቀንሳላችሁ፣ ወለሉ ላይ ጋዜጣ አታንጥፉ ያንሸራትታቸውና እግራቸው ይከፈታል፣ ሸካራ ጨርቅ ወይ ጆንያ አድርጉ። ሲያድጉ ደሞ ኬጁ ቁመቱ ከ30 ሳንቲ አይብለጥ፣ ድርጭት ስትደነግጥ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ነው የምትወረወረው፣ ከፍታ ካገኘች ጣራው ላይ ጭንቅላቷን ትፈጠፍጣለች። እንቁላል እንዲቀጥል በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች፣ እኛ ጋ ቀኑ አመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ስለሆነ ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ትንሽ አምፖል ይብራላት።

ጥያቄ፦ ከዘጌ ነኝ ልጄ። ዘጠኝ የሀበሻ ዶሮ አለኝ፣ ቡናው ስር ይጭራሉ ማታ ቆጥ ላይ ይወጣሉ። ልጄ ከአዲስ አበባ አስራ ሁለት ድርጭት ይዞልኝ መጣ። ከዶሮዎቹ ጋር ብለቃቸው ምን ይላሉ? ለመሆኑስ የሚበላ ነው ወይ? ሸለምጥማጥ ያለበት ሰፈር ነው የኛ።

መልስ፦ አባቴ፣ እባክዎ እንዳይለቋቸው። ዶሮ ማታ ቤቷን ታውቃለች፣ ድርጭት ግን አታውቅም፣ ቆጥ ላይም አትወጣም መሬት ላይ ነው የምታድረው፣ ከለቀቋት ብር ብላ ቡናው ውስጥ ትገባለች፣ በዛው ትቀራለች፣ በማግስቱ ጭልፊት ወይ ያው ሸለምጥማጥ ይበላታል። አብረው ቢያጉሯቸውም ዶሮዎቹ ይወቅጧቸዋል፣ ከዛ የባሰው ደሞ በሽታው ነው፣ ድርጭት ፈንግል ብዙ ሳያሳምማት ይዛ ለዶሮዎቹ ልታስተላልፍ ትችላለች፣ ዶሮዎቹም እነሱ የለመዱትን በሽታ ለሷ ይሰጧታል። ስለዚህ ራቅ አድርገው ለብቻ፣ መጀመሪያ የድርጭቱን ቀልበው ከዛ ወደ ዶሮ አይሂዱ፣ ዶሮውን ቀልበው እጅዎን ታጥበው ጫማ ቀይረው ወደ ድርጭቱ ይሂዱ፣ ድርጭቶቹ አዲስ ስለሆኑ በተለይ የመጀመሪያውን ሶስት ሳምንት ይሄን አጥብቀው ይያዙ፣ ጤናቸው እስኪታወቅ ድረስ የመጨረሻ ይቀለቡ።

የሚበላ ነው ወይ ላሉኝ አዎ ይበላል። እስራኤል ምድረ በዳ ላይ ሳሉ ከመና ጋር የወረደላቸው ድርጭት ነው፣ ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 16 ላይ አለ፣ የሙስሊም ወንድሞቻችንም ቁርአን ሰልዋ እያለ ይጠራዋል።

ሸለምጥማጡን በተመለከተ የዶሮ ሽቦ አይመኑ፣ ቀዳዳው ሰፊ ነው፣ አይጥም እባብም ይገባበታል፣ ሸለምጥማጥ ደሞ እጁን አስገብቶ እየጎተተ በሽቦው ውስጥ ይቆራርጣቸዋል። የትንሽ ጣት የማታስገባ ወንፊት ሽቦ ይግዙ፣ ሳጥኑን ከመሬት ወገብ በሚደርስ የእንጨት እግር ላይ ያስቀምጡ፣ አራቱን እግር የተቃጠለ ዘይት ያለበት ጣሳ ውስጥ ያቁሙት ጉንዳን እንዳይወጣ፣ ጉንዳን አንድ ሌሊት ከገባ አስራ ሁለቱንም ጨርሶ ነው የሚያድረው።

ለመኖው እርስዎ እድለኛ ነዎት፣ አሳ ያለበት ቦታ ነው ያሉት። አሳ አጥማጆቹ የሚጥሉትን ጭንቅላትና አጥንት ለምነው ቀቅለው፣ ፀሀይ ላይ በደንብ አድርቀው፣ ወቅጠው ከበቆሎና ከፋጉሎ ጋር ቢቀላቅሉት ድርጭት የሚጎድላትን ፕሮቲን ይሞላል። ጥሬውን ግን አይስጡ፣ ብዛቱም ከመኖው አስር እጅ አንዱን አይለፍ፣ ከበዛ እንቁላሉ አሳ አሳ ይሸታል።

ልመናዬ ግን ስለ ዘጠኙ ዶሮ ነው። አንድ የሀበሻ ዶሮ በአመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው የምትጥለው፣ ትንሽ ነው ይባላል፣ ግን ታቅፋለች፣ ጫጩቷን ከጭልፊት ትጠብቃለች፣ ጭራ ትበላለች፣ መብራት አትጠይቅ መኖ አትጠይቅ። አስራ ሁለቱ ድርጭት የዛሬ አመት ላይኖሩ ይችላሉ፣ ዶሮዎቹ ግን ከነልጆቻቸው ይኖራሉ። የእንስሳት ጤና ባለሙያው ወደ እናንተ ሲመጣ አይን ላይ የሚንጠባጠበውን የፈንግል ክትባት ይጠይቁት፣ ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም የሚሰራው ነው፣ ሙቀት ስለሚችል ለገጠር ይሆናል፣ አንዷ ጠብታ ለአንዷ ዶሮ ነች። ክረምት ሳይገባ ያስከትቧቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ የአራት አመት ነው፣ የዶሮ እንቁላል ሲበላ ከንፈሩ ያብጣል፣ ሰውነቱን ያሳክከዋል። የድርጭት እንቁላል አለርጂ የለውም፣ እንደውም አስምም ያድናል ብለው መከሩኝ። ልጀምርለት?

መልስ፦ እህቴ እንዳትጀምሪለት! በድርጭትና በዶሮ እንቁላል ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ይመሳሰላሉ፣ በአንዱ ከንፈሩ ያበጠ ልጅ በሌላውም ሊያብጥ ይችላል፣ እብጠቱ ጉሮሮው ውስጥ ከሆነ ደሞ ትንፋሹን ይዘጋዋል። መጀመሪያ የልጆች ሀኪም ይየው፣ ሀኪሙ ሳይፈቅድ ድርጭትም ዳክዬም አታስቀምሺው። ለአስምም መድሃኒት አይደለም፣ ሀኪም የሰጠውን መድሃኒት በሱ ምክንያት እንዳታቋርጪ። እንቁላሉ ጥሩ ምግብ ነው፣ ፕሮቲን አለው፣ አይረን አለው፣ ግን ምግብ ነው።

ለሌሎቻችሁ እናቶችም፣ አለርጂ የሌለበት ትንሽ ልጅ ቢሆንም ሙሉውን የተቀቀለ የድርጭት እንቁላል እጁ ላይ አትስጡት፣ ድቡልቡል ነው፣ ልክ ጉሮሮው መጠን ነው፣ ሊያንቀው ይችላል። አራት ቦታ ቆራርጡለት፣ ሲበላም አብራችሁት ተቀመጡ።